ጥፋቱ የድራይቨሩ አልነበረም፦ የኢ1000ኢ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) 2.6.27 ገና በሙከራ ላይ ነበር። ይህን እትም ቀድመው ከጫኑት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ኮምፒውተራቸውን እንደገና ሲያስነሱ የኔትዎርክ ካርዳቸውን አጡት። ኬብሉ ደህና ነው፤ ስዊቹም ደህና ነው፤ የተነካ የቅንብር ፋይል የለም። የከርነሉን መልእክቶች ሲያነቡ ግን ሁለት መስመር ያገኛሉ። አንደኛው የካርዱ ቋሚ ማህደር የማረጋገጫ ድምር ትክክል አይደለም ይላል። ሁለተኛው በ0000:00:19.0 ላይ ያለውን መሣሪያ ለማስነሳት የተደረገው ሙከራ በስህተት ቁጥር -5 መክሸፉን ይናገራል። ይህ ቁጥር በሊኑክስ የግብዓትና የውጤት ስህተት ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ተራ ነው። የሙከራ ከርነል የጫነ ሰው እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመው ወደ ቀድሞው እትም ይመለሳል፣ ያየውን ለአልሚዎቹ ይጽፋል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስ ምንም አልጠቀመም። ትናንት በሰላም ይሠራ የነበረው ከርነልም ያንኑ ስህተት ደገመ። የሶፍትዌር ስህተት ወደ ሃርድዌሩ ገብቶ እዚያው ቀርቷል ማለት ነው። የኔትዎርክ ባለሙያን ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ጥቂት ነው።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው የጊጋቢት ካርድን ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ማዋቀር ማለት ፍጥነትና ዱፕሌክስ (መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ ወይስ በተራ) መምረጥ ብቻ ለሚመስላቸው ጀማሪ ባልደረቦች ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ ስሙ የጠፋው አካል ጥፋተኛ ሳይሆን የቀረበት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ካርዱ ውስጥ የተበላሸው ምን እንደሆነ እንይ። እያንዳንዱ የኔትዎርክ ካርድ ኃይል ሲቋረጥ የማይረሳው ትንሽ ማህደር አለው። በኢንቴል ካርዶች ላይ የማክ አድራሻው (ካርዱ በኔትዎርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) በማህደሩ የመጀመሪያ ሦስት ቃላት ውስጥ ተጽፏል፤ አንዱ ቃል 16 ቢት ስለሆነ ሦስቱ አንድ ላይ የአድራሻውን ስድስት ባይት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ የካርዱ መለያ ቁጥሮች፣ የመብራቶቹ አሠራር፣ ኮምፒውተሩን በኔትዎርክ በኩል የመቀስቀሻው ቅንብር እና የመሳሰሉት ይከተላሉ። የእነዚህ መረጃዎች ትክክለኛነት የሚመዘነው በድምር ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 64 ቃላት ተደምረው፣ ከ16 ቢት የሚተርፈው ተጥሎ፣ ውጤቱ 47,802 መሆን አለበት። ድራይቨሩ በተነሳ ቁጥር ይህን ድምር ያሰላል። ካልገጠመለት ጥቂት ጊዜ ደግሞ ይሞክርና ካርዱን ሳያስነሳ ይወጣል። ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱም አድራሻው ተበላሽቶ ኔትዎርክ ላይ የወጣ ካርድ ጣጣው ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። ሆኖም ይኸው ጥንቃቄ ኋላ ላይ ጥገናውን እንዳከበደው እናያለን።

የተጎዱት 82566 እና 82567 በሚባሉ የኢንቴል ክፍሎች አማካይነት ኔትዎርክ የሚያገኙ ኮምፒውተሮች ነበሩ። እነዚህ ተነቅለው የሚሰኩ ካርዶች አይደሉም፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 እና እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ400 ያሉ የቢሮ ማሽኖች ይህን ቤተሰብ ይዘው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ብርቅ ዕቃ አልነበረም። አንድ ልዩ ባሕርይም አላቸው። የራሳቸው የተለየ የማህደር ቺፕ የላቸውም፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) በተቀመጠበት የፍላሽ ማህደር ላይ ለጊጋቢቱ ክፍል የተወሰነ ክልል ተከልሎለታል። ድራይቨሩ ይህን ክልል የሚያነበውና የሚጽፈው በፍላሽ ተቆጣጣሪው ሬጂስተሮች (መሣሪያው በሚታዘዝባቸው ትናንሽ የቁጥር ቦታዎች) በኩል ሲሆን፣ ሬጂስተሮቹ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሜሞሪ አድራሻ ሆነው በከርነሉ የአድራሻ ክልል ውስጥ ይታያሉ። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትያዝልኝ።

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው እነዚህን የኢንቴል ክፍሎች በሚያንቀሳቅሰው በኢ1000ኢ ድራይቨር ላይ ነበር። እውነት ለመናገር ማንም ቢሆን ከዚያ ይጀምር ነበር። ድራይቨሩ አዲስ ነው፤ ለፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርዶች ተብሎ ከድሮው ኢ1000 ተለይቶ ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2.6.24 ነው። የስህተቱ መልእክት የሚወጣው በእርሱ ስም ነው። ያንን ማህደር መጻፍ የሚችለው የከርነሉ ክፍልም እርሱ ብቻ ይመስላል። ኦፐንሱሰ፣ ፌዶራ፣ ማንድሪቫ እና ኡቡንቱ በሙከራ እትሞቻቸው ውስጥ አዲሱን ከርነል ይዘው ስለነበር ማስጠንቀቂያ ተሰራጨ፤ ድራይቨሩን ከሙከራ እትማቸው ያገዱም ነበሩ። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ካርዱን ያጡት የግራፊክስ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ መሆኑን ስለተናገሩ ዓይን ስክሪኑን ወደሚያስተዳድረው የኤክስ አገልጋይና ወደ ኢንቴል የግራፊክስ ድራይቨርም ዞሮ ነበር።

ይህን ስህተት ማደን ከሌላው ሁሉ ይለያል። በተለመደው መንገድ ስህተት የገባበትን ለውጥ ለማግኘት የለውጦቹን ዝርዝር ለሁለት እየከፈሉ፣ በየደረጃው ከርነሉን እየገነቡ መሞከር ነው። እዚህ ግን «አዎ፣ ይህ እትም ያበላሻል» የሚለው መልስ በተገኘ ቁጥር አንድ ማዘርቦርድ ይጎዳል። ጥፋቱ ደግሞ በእያንዳንዱ ማስነሳት ላይ አይከሰትም፤ ካርዱ ከተረፈ እትሙ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሰው ሃርድዌሩን ለሙከራ አሳልፎ ሲሰጥ ሳይ አደንቃለሁ።

ፍለጋው በድራይቨሩ ውስጥ ሌሎች እውነተኛ ጉድለቶችን አወጣ። የከርነሉ የተለያዩ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ወደ ማህደሩና ከኬብሉ ጋር ወደሚገናኘው ፊዚካል ክፍል ሲደርሱ ተራ የሚያስጠብቃቸው ቁልፍ በሚገባ አልተያዘም ነበር። ለኢንተራፕት (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ለሚያቋርጥበት ጥሪ) በሚሰጥ መልስ መሐል መተኛት የማይገባው ኮድ ይተኛ ነበር። እነዚህ ተስተካከሉ። ለማንኛውም ጥፋት ፈላጊ አደገኛው ቅጽበት ይህ ይመስለኛል፦ ትክክለኛ ስህተት አግኝተህ ታርመዋለህ፣ ደስ ይልሃል፣ የምትፈልገው ግን እርሱ አልነበረም። ጊዜው ጠባብ፣ ግፊቱ ብዙ በሆነበት ሰዓት «በቃ፣ ተገኘ» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። አልዘጉትም።

የኢንቴል መሐንዲሶች ከዚህ ጎን ለጎን ያደረጉት ነገር ለእኔ የጉዳዩ ዋና ትምህርት ነው። ሌባው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በሩን ቆለፉት። የፍላሽ ተቆጣጣሪው ከድሮም የተጠበቀ ክልል ማስመር የሚችል ሬጂስተር አለው፤ እስከዚያ ድረስ ድራይቨሩ አይጠቀምበትም ነበር። አዲሱ ማስተካከያ ድራይቨሩ ሲነሳ የጊጋቢቱ ክልል ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ያነብና ያንን ክልል በሬጂስተሩ ላይ አስምሮ «እዚህ ላይ መጻፍ ክልክል ነው» ይላል። ቀጥሎ መቆለፊያውን ቢት ያበራል። ይህ ቢት አንዴ ከበራ ኮምፒውተሩ የሃርድዌር ዳግም ማስነሳት እስኪያገኝ ድረስ ማንም አያጠፋውም፤ ራሱ ድራይቨሩም ቢሆን። አጥፊው ኤክስ ይሁን፣ ድራይቨሩ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ጽሑፉ ፍላሹ ላይ አይደርስም።

መንስኤው ሳይታወቅ ምልክቱን መከልከል ብዙ ጊዜ የስንፍና ሥራ ነው። የኔትዎርክ አገልግሎት በየምሽቱ ይወድቃል፣ አንዱ በየሰዓቱ የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ችግሩ ለዓመታት ተሸፍኖ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ስመለከት እቆጣለሁ። የኢ1000ኢ ግን የተለየ ነው፦ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን የሰው ንብረት ያጠፋል፣ ጥበቃው ደግሞ ፍለጋውን አይሸፍነውም። ከርነል 2.6.27 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2008 ሲወጣ መቆለፊያውን ይዞ ወጣ። በዚያን ቀን ዋናው መንስኤ ገና በይፋ አልታወቀም ነበር።

መንስኤው የተገኘው ከኔትዎርክ ጋር ዝምድና በሌለው የከርነሉ ክፍል ውስጥ ነው። ኤፍትሬስ ይባላል፤ ስቲቨን ሮስቴድ የጻፈው፣ ከርነሉ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) መቼ እንደተጠራ የሚከታተል መሣሪያ ነው። ወደ ዋናው ከርነል የገባው በዚያው በ2.6.27 ነበር። አሠራሩን ቀስ ብለን እንከተለው፤ ጠቃሚው ክፍል እዚህ ነው።

ከርነሉ ለዚህ ክትትል ሲገነባ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) በእያንዳንዱ ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ ኤምካውንት ወደተባለ ቦታ የሚያደርስ አንድ ጥሪ ያስገባል። በሺህ የሚቆጠሩ ፈንክሽኖች ሁሉ በተጠሩ ቁጥር ይህን ጥሪ ቢያደርጉ ማሽኑ ይዘገያል። ስለዚህ ተለዋዋጭ የተባለው የኤፍትሬስ ዘዴ የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ የተጠራበትን አድራሻ ይመዘግባል፤ ከዚያ በየጊዜው የሚነቃ አንድ የከርነል ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ ያለውን ባለ 5 ባይት ጥሪ ምንም በማይሠራ ትእዛዝ ይተካዋል። ክትትል ሲፈለግ ጥሪው ተመልሶ ይገባል። ከርነሉ በሥራ ላይ እያለ የራሱን ኮድ ይለውጣል ማለት ነው። ብልህ ዘዴ ነው፤ ዛሬም በመሠረቱ በዚሁ እንጠቀማለን።

ችግሩ በምዝገባውና በለውጡ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተደብቋል። ሞጁል (እንደ ድራይቨር ያለ ለብቻው የሚጫን የከርነል ክፍል) ሲጫን አንዴ ብቻ የሚሠራ የመነሻ ኮድ አለው፤ ሥራው እንዳለቀ ከርነሉ ያንን ኮድ ጥሎ ሜሞሪውን ያስመልሳል። ኤፍትሬስ ግን አድራሻውን መዝግቦታል። የተለቀቀው አድራሻ ለሌላ ነገር ይሰጣል። በ32 ቢት ኤክስ86 ላይ ሞጁሎችና የመሣሪያ ሬጂስተሮች የሚታዩባቸው መስኮቶች ቦታ የሚያገኙት ከአንድ የአድራሻ ክልል ነው። ትናንት የፈንክሽን መጀመሪያ የነበረው አድራሻ ዛሬ የኢ1000ኢ የፍላሽ ሬጂስተሮች መስኮት ሊሆን ይችላል። የኤፍትሬስ ሠራተኛ ይህን አያውቅም፤ ያለው የድሮ መዝገብ ነው።

ኮዱ በግዴለሽነት የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። በአድራሻው ላይ ያለው በእርግጥ የሚጠበቀው ጥሪ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይለውጥም። ለዚህም የፕሮሰሰሩን «አነጻጽርና ለውጥ» የተባለ ትእዛዝ ተጠቅሟል፦ እዚያ ያለው የምጠብቀው ከሆነ በአዲሱ ተካው፤ ካልሆነ ተወው። አድራሻው ባዶ ከሆነና ፕሮሰሰሩ ከተቃወመም ተቃውሞው ተይዞ በሰላም ይታለፋል። ወረቀት ላይ ጉድለት አይገኝበትም።

ነገር ግን በኤክስ86 ላይ ይህ ትእዛዝ «ተወው» የሚባል ነገር አያውቅም። ንጽጽሩ ባይሳካም ፕሮሰሰሩ ያነበበውን ዋጋ መልሶ ወደዚያው ይጽፋል። የኢንቴል የፕሮሰሰር መመሪያ ይህን በግልጽ አስፍሮታል፤ የንጽጽሩ ውጤት ምንም ይሁን ምን የመጻፍ ዑደት ይኖራል። በተራ ሜሞሪ ላይ 7 ያለበት ቦታ ላይ 7 መልሶ መጻፍ ምንም አያመጣም። ሬጂስተር ግን ሜሞሪ አይደለም። በሬጂስተር ላይ መጻፍ ለመሣሪያው ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ያነበብከውን መልሰህ መጻፍም ትእዛዝ ነው፣ ምን እንደሚያስከትል የሚወስነውም የመሣሪያው ንድፍ ነው። የፍላሽ ተቆጣጣሪ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ አይደለም። ካርዶቹ የተበላሹት በዚህ መንገድ ነው፦ ምንም ላለመንካት ተጠንቅቆ በተጻፈ ኮድ።

2.6.27 በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ 2.6.27.1 ተከተለና ተለዋዋጩን ኤፍትሬስ ዘጋው። በ2.6.28 መሣሪያው በአዲስ አሠራር ተመለሰ። የጥሪዎቹ አድራሻ በሥራ ሰዓት መመዝገቡ ቀርቶ ከርነሉ ሲገነባ ተሰብስቦ የሚቀመጥ ሆነ፣ እየዞረ የሚለውጠው ሠራተኛም ተነሳ። ለውጡም መጀመሪያ አንብቦ፣ አነጻጽሮ፣ ሲገጥም ብቻ ወደሚጽፍ ተራ ቅደም ተከተል ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ኤፍትሬስ የከርነል ሰዎች ከእጃቸው የማይለዩት መሣሪያ ሆኗል፤ እንዲያው መጥፎ ጅምር የመሣሪያውን ዕድል አልወሰነም።

ካርዳቸውን ያጡት ሰዎችስ? ከጥፋቱ በፊት የማህደሩን ቅጂ ያስቀመጠ ሰው መልሶ ሊጽፈው ይችላል፤ መሣሪያው ኤትቱል የተባለው የኔትዎርክ ካርድ ማስተዳደሪያ ትእዛዝ ነው፣ ትንሿ የኢ ፊደል አማራጭ ታነባለች፣ ትልቋ ትጽፋለች። እዚህ ላይ ነው ያ ጥሩ ጥንቃቄ እንቅፋት የሆነው። ድምሩ ካልገጠመ ድራይቨሩ አይነሳም፤ ድራይቨሩ ካልተነሳ ኢተርኔት0 የሚባል መገናኛ የለም፤ መገናኛው ከሌለ ኤትቱል የሚያናግረው ነገር አያገኝም። ስለዚህ የድራይቨሩን ምንጭ ኮድ ከፍቶ የድምር ፍተሻውን እንዲያልፍ አድርጎ እንደገና መገንባት ግድ ሆነ። ኤትቱል ለመጻፍ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የሚሠራው ከካርዱ ሞዴል መለያና ከአምራቹ መለያ ነው። የኢንቴል የአምራች መለያ 8086 መሆኑን ያየ ሰው ፈገግ ይላል፤ በ1978 የወጣው ፕሮሰሰራቸው ስም ነው።

ቅጂ ያልነበረው ሰው ከተመሳሳይ ማሽን ላይ ቅጂ መውሰድ ይችላል፤ ነገር ግን የሌላውን ማሽን ማክ አድራሻም አብሮ ይወስዳል። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትዎርክ ላይ አንድ ማክ ይዘው ከወጡ ስዊቹ ይወዛገባል፣ ሁለቱም ግንኙነታቸው ይቆራረጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ባይት በራሱ አድራሻ መተካት አለበት፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ድምሩን በእጅ ማስላት አያስፈልግም፤ በዚያ ክፍል ላይ ሲጻፍ ድራይቨሩ ራሱ ያስተካክለዋል። ባዮሱን እንደገና መጻፍ ብቻውን አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም፤ የጊጋቢቱን ክልል ሁልጊዜ አይነካውምና።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እኔ ዛሬ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው ካለ፣ ሥራው አጭር ነው። የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን የኤልኤስፒሲአይ ትእዛዝ በኬ አማራጭ አስኪዶ ካርዱን የያዘው ድራይቨር የትኛው እንደሆነ ማየት፤ ኢ1000ኢ ከሆነ፣ ጤናማ ሳለ፣ ማህደሩን በኤትቱል በጥሬው አንብቦ ወደ ፋይል ማስቀመጥ። በዚህ የካርድ ቤተሰብ ላይ ፋይሉ 4,096 ባይት ብቻ ነው። ስሙን በማክ አድራሻው መሰየምና በሌላ ማሽን ላይ ማኖር ይበቃል፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ቅጂ ካርዱ ሲሞት ለመድረስ ያስቸግራል።

መልሶ መጻፍ ሲያስፈልግ ግን ያኔ የተጨመረው መቆለፊያ ይጠብቃችኋል። የድራይቨሩ አማራጭ ራይትፕሮቴክትኤንቪኤም ይባላል፤ ካልነኩት ዋጋው 1 ነው፣ ማብራሪያውም ማጥፋቱ የተበላሸ ማህደር ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሞጁሉን አውጥቶ በዋጋ 0 መልሶ ይጭነዋል፣ መጻፉ አሁንም ይከለከላል፣ አማራጩ አይሠራም ብሎ ይደመድማል። የመቆለፊያው ቢት ቀድሞ በርቷል፤ የሚጠፋው በሃርድዌር ዳግም ማስነሳት ብቻ ነው። አማራጩን ሞጁሎችን በሚጭነው በሞድፕሮብ የቅንብር ማውጫ ውስጥ ጽፎ ማስነሳትም ላይበቃ ይችላል። ድራይቨሩ ከመነሻው የራም ምስል (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ሜሞሪ ላይ ከሚጫነው ትንሽ የፋይሎች ጥቅል) ውስጥ የሚጫን ከሆነ የድሮውን ቅንብር ይዞ ይነሳና ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ከመነበቡ በፊት ይቆልፈዋል። ስለዚህ መስመሩን ከጻፉ በኋላ የመነሻውን ምስል እንደገና መሥራት፣ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ መጻፍ። ሲጨርሱ መስመሩን ማውጣት፣ ምስሉን አንድ ጊዜ ደግሞ መሥራትና እንደገና ማስነሳት ነው።